ከቤታችን ሥር ያለው መሬት የማን ነው?

በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተነገረ




ዛሬ ማታ በፊታችሁ ቆመን እንድንናገር የማኅበሩ ኮሚቴ በጠየቀን ጊዜ ስለ ምን እንናገር ብለን ብዙ አልተጨነቅንም። ባለፈው ክረምት ሦስት ሆነን ለዕረፍት ወደ አገራችን ሄደን ሳለ አንድ ጥያቄ ተጠይቀን መልስ አጥተን ነበርና፣ ያንኑ ጥያቄ ይዘን መጥተናል። ጥያቄው በአፍ ሲነገር አጭር ነው። ቤት የሠራንበት መሬት የማን ነው? የሚል ነው። መልሱን ፍለጋ ግን ሦስት ሳምንት ፈጅቶብናል። ያገኘነውን ስንነግራችሁ እኛ ሕግ ዐዋቂዎች አለመሆናችንን አስቀድመን እናስታውቃለን። ከመካከላችሁ የሕግ መምህራንና ተማሪዎች ስላላችሁ፣ የተሳሳትነውን በውይይቱ ጊዜ እንደምታርሙልን ተስፋ አለን።

ነገሩ እንዴት እንደ ተነሣ

ሙጃን የማታውቁ ብትኖሩ፣ በሰሜን ወሎ የግዳን ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ደጋ ናት፤ ገብስ የሚበቅልባት፣ በክረምት ብርዱ ከጋቢ ሥር የሚገባባት አገር ናት። እንደ ሌሎቹ የወረዳ ከተሞቻችን ሁሉ ሙጃም ወደ ዳር ወደ ዳር ትሰፋለች። ትናንት ማሳ በነበረው ላይ ዛሬ የቆርቆሮ ክዳን ያለው የጭቃ ቤት ቆሞ ይታያል። እዚያ ቤት ውስጥ የሚኖረውን ሰው መሬቱ የማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁት፣ ቤቱማ የኔ ነው ብሎ ይመልስላችኋል። ስለ መሬቱ ግን ዝም ይላል።

እኛን የጠየቁን ሴት ጠላ ጠምቀው በመሸጥ ልጆች ያሳደጉ እናት ናቸው። በ2006 ዓ.ም. በከተማው ዳር ከሚኖር አንድ ገበሬ የቤት መሥሪያ ቦታ በዓመት ኪራይ ያዙ። ባሕር ዛፍ ገዝተው፣ ማገሩን አስመትተው፣ ምርጉን ራሳቸው መርገው ሁለት ክፍል ቤት ሠሩበት። ኪራዩንም በየዓመቱ ለመስቀል ሲከፍሉ ኖሩ። በኋላ ገበሬው ሞተ። ከተዝካሩ በኋላ ልጆቹ መጥተው፣ አባታችን የሰጠሽ ቦታ የእኛ ነውና ወይ ኪራዩን ሦስት እጥፍ ክፈዪ፣ ወይ ቤትሽን አንሺ አሏቸው። በዚያው ሰሞን ደግሞ ያ ሠፈር ወደ ከተማው ክልል ሊገባ ነው፣ ቦታው የማዘጋጃ ቤት ይሆናል የሚል ወሬ ተሰማ። እንግዲህ በአንዲት ሁለት ክፍል ቤት ሥር ባለ መሬት ላይ ሦስት ባለቤት ተነሣ ማለት ነው።

እኒህ እናት አንድ ማታ በፌስታል የተጠቀለለች ወረቀት ይዘው ወደ እኛ መጡና፣ «ልጆቼ፣ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ እስቲ ይቺን አንብቡና የቆምኩበት አፈር የማን እንደ ሆነ ንገሩኝ» አሉን። ወረቀቷን አነበብናት። የቤት መሥሪያ ቦታ ኪራይ ውል ትላለች። የኪራዩን ልክ ትናገራለች፤ የሦስት ምስክሮች ስምና የጣት አሻራ አለባት። ዳሩ ግን የቦታው ስፋት ስንት ካሬ ሜትር እንደ ሆነ፣ ውሉ መቼ እንደሚያበቃ፣ ቤቱ በመጨረሻ የማን እንደሚሆን፣ አከራዩም በምን መብት እንዳከራየ አንድም ቃል የለባትም። አዋሳኙ እንኳ «በላይ የእገሌ ባሕር ዛፍ፣ በታች የእግር መንገድ» ይላል። ባሕር ዛፉ ከተቆረጠ ቆይቷል።

አሥራ አምስት ዓመት ትምህርት ቤት ተመላልሰን ለእኒህ እናት ጥያቄ መልስ ማጣታችን አሳፈረን። ነገሩን ለማወቅ የተነሣነውም ስለዚህ ነው።

ወደ ኋላ መለስ ብለን ስናይ

በላስታ የቀድሞው የመሬት ሥርዓት ርስት ነበረ። ርስት በዘር የሚወረድ መብት ነው፤ ከአቅኚው አባት ወይም እናት የተወለደ ሁሉ ድርሻዬን ብሎ ሊጠይቅ ይችል ነበር። ከዚያ በላይ ደግሞ ጉልት ነበረ፤ ይኸውም ከመሬቱ ግብር የመሰብሰብ መብት ነው። ርስት የሌለው ሰው በሌላው መሬት ላይ ጎጆ ቀልሶ ሲኖር ጭሰኛ ይባል ነበር። ቃሉን ብዙዎች ከጭስ ያወጡታል፤ በሰው መሬት ላይ እሳት አንድዶ ጭስ የሚያጨስ ማለት ነው ይላሉ። ጭሱ የእርሱ ነው፤ መሬቱ ግን የሌላ ነው። የሙጃዋ እናት ነገርም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ወጣ። ይህ ሕግ በሰው መሬት ላይ ባለመሬቱ ሳይቃወም ቤት የሠራ ሰው የቤቱ ባለቤት ይሆናል ሲል በቁጥር 1179 ደነገገ። የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ በቁጥር 1723 አዘዘ። የማይንቀሳቀሱ ንብረቶች ስለሚጻፉበት መዝገብ ብዙ ቁጥሮች ያሉት ሰፊ ክፍል አዘጋጀ። ነገር ግን በዚያው ሕግ መጨረሻ በቁጥር 3363 ይህ ስለ መዝገብ የተጻፈው ክፍል በሌላ ትእዛዝ ቀን እስኪቆረጥለት ድረስ ሥራው እንዲቆይ ተደረገ። ይህን ልብ እንድትሉልን እንለምናለን። ሕጉ ባለቤትነትን አወቀ፤ ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ የሚታይበትን መዝገብ ግን ለሌላ ቀን አሳደረው። ዛሬ የምናየው ችግር አንዱ ሥር ከዚያ ይጀምራል ለማለት ይቻላል።

የካቲት 18 ቀን 1957 ዓ.ም. ከእኛ በፊት የነበሩት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ ተማሪዎች መሬት ለአራሹ እያሉ ወደ ፓርላማ መሰለፋቸውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሆነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያ የሚሆን እስከ 500 ካሬ ሜትር ቦታና አንድ መኖሪያ ቤት እንዲኖረው ተፈቀደ፤ ለተወረሰው መሬትም ካሳ አልተከፈለም። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጥ ቤቶች ለቀበሌ ማኅበራት ተሰጡ።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላም ይህ መሠረት አልተነቀለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የገጠርም ሆነ የከተማ መሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ እንደ ሆነ፣ መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ይናገራል። በዚያው አንቀጽ ግን ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ የሠራው ቤትና ሌላ ቋሚ ንብረት የራሱ እንደ ሆነ፣ ሊሸጠውና ሊያወርሰውም እንደሚችል ተጽፏል።

እንግዲህ የሙጃዋ እናት ጥያቄ በሕገ መንግሥቱ አንድ መስመር መልስ አለው ማለት ነው። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የሟቹ ገበሬ ባለቤትነት አልነበረም፤ የልጆቹም አይደለም፤ የእርሳቸውም አይደለም። ይህን መልስ ይዘን ብንሄድ ኖሮ ግን እኒህ እናት ምን ይጠቅማቸዋል? መሬቱ የሕዝብ ነው መባሉ ነገ ጠዋት ከቤት የሚያስወጣቸውን ሰው አያስቀረውም። ስለዚህ ጥያቄውን ለውጠን መጠየቅ ግድ ሆነብን። ባለቤቱ ማን ነው ማለት ሳይሆን፣ በዚህ መሬት ላይ ያለው መብት ምን ዓይነት ነው፣ በማን ስም ነው፣ እስከ መቼ ነው፣ የተጻፈውስ በየትኛው መዝገብ ነው ብሎ መጠየቅ ነው። የዛሬው ንግግራችን ዋና ሐሳብ ይኸው ነው።

መብቱ ስንት ዓይነት ነው

በከተማ ውስጥ የቤት ቦታ በአብዛኛው በሁለት መንገድ ይያዛል። አንዱ ነባር ይዞታ ነው፤ የሊዝ ሥርዓት ከመምጣቱ በፊት በሕግ የተያዘ ቦታ ማለት ነው። ሁለተኛው ሊዝ ነው። የከተማ ቦታን በሊዝ ስለ መያዝ መጀመሪያ በ1986 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 80፣ ቀጥሎ በ1994 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 272፣ ከዚያም በ2004 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 721 ወጡ። በመጨረሻ የጠቀስነው አዋጅ ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠውን የሊዝ ዘመን 99 ዓመት አደረገው። ነባር ይዞታም ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ወደ ሊዝ እንዲገባ ደነገገ። ያለ ፈቃድ የተያዘ ቦታም በከተማው ፕላን ተቀባይነት ያገኘ እንደ ሆነ፣ ክልሎች በሚያወጡት ደንብ መሠረት ወደ ሊዝ የሚገባበትን መንገድ አመለከተ። ይህ የመጨረሻው ነገር ለሙጃዋ እናት ትንሽ ቀዳዳ ብርሃን ነው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በሊዝ የያዘ ሰው መሬቱን ገዛሁ ቢል ይሳሳታል። የገዛው ዘመን ነው። ሆኖም ያ ዘመን በውል ተጽፎ፣ በስሙ የይዞታ ማረጋገጫ ምስክር ወረቀት ተሰጥቶት የያዘው ስለ ሆነ፣ ከሰው ፈቃድ በታች አይደለም።

በገጠር ደግሞ ገበሬው ባለይዞታ ይባላል። በአማራ ክልል ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ የገጠር መሬት አዋጆች ወጥተዋል፤ በ1998 ዓ.ም. ቁጥር 133፣ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ቁጥር 252 ተከትለዋል። ለገበሬው የይዞታ ደብተር ይሰጠዋል፤ የማሳው ዝርዝርም በወረዳው የባሕር መዝገብ ይጻፋል። ባለይዞታው አርሶ ሊጠቀም፣ ሊያወርስ፣ የመጠቀም መብቱንም ለተወሰነ ዘመን ሊያከራይ ይችላል። ሊሸጠው ግን አይችልም። መጨረሻ የሌለው ኪራይም ሕጉ የሚያውቀው ነገር አይደለም። ስለዚህ ብዙ ሰው ሽያጩን ኪራይ ወይም ስጦታ ወይም ብድር እያለ በሽማግሌ ፊት ይጽፋል። ወረቀቱ ስሙን ቢለውጥም ነገሩን አይለውጠውም። ችግር በመጣ ቀን ፍርድ ቤቱ የሚያየው የነገሩን ውስጥ ነው።

በሙጃ ያደረግነው

ይህን ያህል ካነበብን በኋላ ሦስታችንም ከእናቲቱ ጋር ወደ መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሄድን። የመጀመሪያው ነገር ያ ቦታ ገና የገጠር ነው ወይስ ከከተማው ክልል ገብቷል የሚለውን ማወቅ ነበር፤ ምክንያቱም መዝገቡ የሚገኝበት መሥሪያ ቤት በዚህ ይለያያል። ገና አልገባም፤ ከታሰበው ክልል ውስጥ ግን አለ ተባልን። ቀጥለን መዝገቡን እንድናይ ስንጠይቅ ባለሙያው፣ «እናንተ ባለጉዳይ አይደላችሁም፤ ባለይዞታዎቹን ይዛችሁ ኑ» አለን። ቃሉ ትክክል ነበርና ልጆቹን ለምነን ይዘናቸው ተመለስን። እነርሱም መዝገቡ የአባታቸውን ስም እንደሚጠራ እርግጠኞች ስለ ነበሩ ደስ ብሏቸው መጡ።

ባለሙያው የባሕር መዝገቡን ገልጦ ጣቱን እያስኬደ አነበበ። የአባትየውን ስም አነበበ። ከዚያ ሳያቋርጥ ሁለተኛ ስም አነበበ። የእናታቸውን ስም ነበር።

በክልላችን የገጠር መሬት ደብተር የባልና የሚስት በሆነ ጊዜ በሁለቱም ስም እንደሚጻፍ ከመካከላችን የሰማ ነበር፤ ነገር ግን ያን ዕለት እስኪነበብ ድረስ ማናችንም አላሰብነውም። ልጆቹ ቦታው የአባታችን ነበርና የእኛ ነው ሲሉ፣ ሠፈሩ ደግሞ የሟቹ ነበር ሲል፣ ከደብተሩ ላይ ፎቶግራፋቸው ሳይቀር ያለው ባልቴት እቤታቸው እምድጃው ዳር ተቀምጠው ነበር። እርሳቸውን የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። በ2006 ዓ.ም. ውሉ ሲጻፍም ፈርሚ ያላቸው የለም። የባልየው ድርሻ ለወራሾቹ በሕግ ይተላለፍ ይሆናል፤ የእርሳቸው ድርሻ ግን የእርሳቸው ነው። ትልቁ ልጅ ይህን በሰማ ጊዜ አንገቱን ደፋ።

በማግስቱ ወደ ባልቴቲቱ ዘንድ ሄድን። ነገሩን ሁሉ ነገርናቸው። ብዙ ዝም ካሉ በኋላ፣ «መሬቱ በኔም ስም እንዳለ ያወቅሁት ዛሬ ነው። እሷ ግን ባሌ ሲታመም ውሃ ስትቀዳልኝ የኖረች ጎረቤቴ ናት። ቤቷን አፍርሼ ገብስ ልዝራበት?» አሉን። ልጆቻቸውም እናታቸውን አልተቃወሙም። ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ከተማው ስለ ሠፈሩ እስኪወስን ድረስ ቤቱ እንዳይነካ፣ ኪራዩም በቀድሞው ልክ እንዲቀጥል ተስማሙ። ስምምነቱ በጽሑፍ ሆኖ በዚህ ጊዜ ባልቴቲቱም ልጆቹም ሁሉም ፈረሙበት።

ነገሩ በዚህ አለቀ ብለን ልናታልላችሁ አንፈልግም። የሽማግሌ ስምምነት ጠብ ያበርዳል እንጂ በእርሻ መሬት ላይ የተሠራን ቤት ሕጋዊ አያደርገውም። ቦታው ወደ ከተማው ሲገባ ለባለይዞታዎቹ ካሳ ይታሰብ ይሆናል። እናቲቱ ግን ቤቱን በሕግ ፊት የሠሩት እርሳቸው ለመሆናቸው ያላቸው ማስረጃ ያቺው ወረቀትና የምስክሮች ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ ይዞታው በሥርዓት እንዲታይላቸው ማመልከቻ ጻፍንላቸው፤ ቁጥርና ቀን ተሰጥቶት ማኅተም የተደረገበት ቅጂ በእጃቸው ቀርቷል። እኛ ወደ ትምህርታችን ስንመለስ መልሱ አልመጣም ነበር። ይምጣ አይምጣ ዛሬም አናውቅም።

ነገሩ የሙጃ ብቻ አይደለም

ከሙጃ ብዙ በማይርቀው በላሊበላ የውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ኋላም በአጠገባቸው ይኖሩ የነበሩ ብዙ ቤተሰቦች ለቅርሱ ጥበቃ ሲባል ከሥፍራቸው ተነሥተው ወደ ሌላ ሠፈር ተዛውረዋል። መንገድ ሲወጣ፣ ትምህርት ቤት ሲሠራ፣ ከተማ ሲሰፋ እንዲህ ያለው ነገር በየትም ይደርሳል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ለሕዝብ ጥቅም መሬቱን ለሚለቅ ባለይዞታ ካሳ እንዲከፈል ያዝዛል። ካሳው የሚታሰበው ግን በመሬቱ ላይ ላለው ንብረትና ለመሳሰለው እንጂ እንደ ገበያ ዕቃ ለመሬቱ ዋጋ አይደለም። ካሳ የሚጠይቀውም ሰው ሕጋዊ መብት እንዳለው ማሳየት አለበት። እንግዲህ ወረቀት የሌለው ሰው ሁለት ጊዜ ይነቀላል ማለት ነው፤ መጀመሪያ ከቤቱ፣ ቀጥሎም ከካሳው።

በውጭ አገርም ቢሆን የቤት ባለቤትና የመሬት ባለቤት መለያየቱ አዲስ ነገር አይደለም። በእንግሊዝ አገር ብዙ ሰው መኖሪያውን የያዘው በረጅም ዘመን ኪራይ ሆኖ መሬቱ የሌላ ባለቤት ነው። ነገር ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1990 መጨረሻ ጀምሮ በዚያ አገር የመሬት መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ሆኗል። ማንም ሰው ጥቂት ገንዘብ ከፍሎ ይህ ቦታ በማን ስም ነው ብሎ ሊያይ ይችላል። በሆንግ ኮንግ ደግሞ ከአንድ ካቴድራል ቦታ በቀር መሬቱ ሁሉ የመንግሥት ሆኖ ሰው በሊዝ ነው የሚይዘው። በዚያም መዝገቡ ለጠያቂ ይነበባል። መሬት የመንግሥት መሆኑና የሰው መብት ግልጽ መሆኑ እንደማይጣሉ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በመካከላችን መሬት የግል መሆን አለበት የሚሉ አሉ፤ የለም፣ ገበሬው በችግር ቀን ሸጦት ባዶ እጁን እንዳይቀር የሕዝብ ሆኖ ይቆይ የሚሉም አሉ። ክርክሩ የተማሪ መኝታ ቤት ሁሉ ያውቀዋል፤ ዛሬ አንገባበትም። የምንለው አንድ ነገር ነው። ሁለቱም ወገን ቢያሸንፍ መዝገብ ያስፈልገዋል። የማይነበብ መዝገብ ባለበት አገር መሬት የግልም ሆነ የመንግሥት፣ ድሀው መሬቱ የማን እንደ ሆነ ሳያውቅ ይኖራል።

ለቤተሰቦቻችሁ የምትነግሩት

ከዚህ ነገር የተማርነውን በአጭሩ እንዲህ ልናስቀምጠው እንወዳለን።

አንደኛ፣ መሠረት ከመጣሉ በፊት ቦታው የገጠር ነው ወይስ የከተማ ብሎ መጠየቅ ነው። የገጠር ከሆነ መዝገቡ በወረዳው መሬት አስተዳደር፣ የከተማ ከሆነ በማዘጋጃ ቤቱ ወይም ሥራውን በያዘው የከተማ መሥሪያ ቤት ይገኛል።

ሁለተኛ፣ አከራዩን ወይም ሻጩን ደብተርህን አሳየኝ ማለት ነው። ደብተሩንም ከመዝገቡ ጋር ማስተያየት ነው። በደብተሩ ላይ ስንት ስም እንዳለ መቁጠር አይረሳ። ሚስት ካለች ሚስት፣ ወራሾች ካሉ ወራሾች ሳይፈርሙ የተጻፈ ውል በአንድ እግሩ የቆመ ወንበር ነው።

ሦስተኛ፣ መብቱ ምን ዓይነት እንደ ሆነ መለየት ነው። የገጠር ይዞታ ነው? ነባር ነው? ሊዝ ከሆነ ስንት ዓመት ቀርቶታል፣ ያልተከፈለ ዕዳስ አለበት? የቀበሌ ቤት ነው? የቤተ ክርስቲያን ይዞታ ነው? ሰው ሊያስተላልፍ የሚችለው ያለውን መብት ብቻ ነው።

አራተኛ፣ በቦታው ላይ የፍርድ ቤት ዕግድ ወይም የባንክ መያዣ አለመኖሩን ማረጋገጥ ነው።

አምስተኛ፣ ውሉን በጽሑፍ አድርጎ ሥልጣን ባለው መሥሪያ ቤት ማስመዝገብ ነው። ስፋቱ በካሬ ሜትር፣ አዋሳኙ በአራቱም ማዕዘን፣ ዘመኑ ከመቼ እስከ መቼ፣ ቤቱም የማን እንደ ሆነ ይጻፍበት። የግብር ደረሰኝ ግብር መከፈሉን ይመሰክራል እንጂ መብቱ የማን እንደ ሆነ ለብቻው አይወስንም። የይዞታ ምስክር ወረቀት እንኳ ያለ አግባብ የተሰጠ መሆኑ ከተረጋገጠ ሊፈርስ እንደሚችል የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1195 እና 1196 ያሳያል።

ስድስተኛ፣ ቅጂ መያዝ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በሰሜን ወሎ ባለፈ ጊዜ ብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መዘረፋቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ወረቀት በአንድ ሣጥን ብቻ ከተቀመጠ ሣጥኑ የጠፋ ቀን መብቱም አብሮ ይጠፋል። አንዱ ቅጂ በቤት፣ አንዱ በዘመድ ዘንድ፣ ፎቶግራፉም በልጆች ስልክ ውስጥ ይቀመጥ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይሉ የለም አባቶቻችን!

ለማኅበራችን የምናቀርበው

ወንድሞችና እኅቶች፤ ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች መሬት ለአራሹ ብለው ተሰልፈዋል። የእኛ ድርሻ ከዚያ ያነሰ ይመስላል፤ ሥራው ግን ይቀረናል። እርሱም ማንበብ ነው። በየቤታችን፣ በእናቶቻችን ሣጥን ውስጥ፣ በጨርቅ የተቋጠረች አንዲት ወረቀት አለች። ስንቶቻችን አንብበናት እናውቃለን? እኛ ሦስታችን የሰው ወረቀት ለማንበብ ሙጃ ላይ ስንደክም፣ የራሳችንን ቤት ወረቀት አንዳችንም አይተን አናውቅም ነበር።

ስለዚህ ለማኅበሩ ሁለት ነገር እናቀርባለን። አንደኛው፣ የሕግ ተማሪዎቻችን ከመምህራኖቻቸው ጋር ሆነው የቤት ቦታ ስለ ማጣራት ገበሬም ሆነ የጠላ ነጋዴ በሚረዳው አማርኛ ሁለት ገጽ የሆነች ጽሑፍ እንዲያዘጋጁ፣ እርሷም በዚሁ በማኅበሩ መኪና እንድትባዛ ነው። ሁለተኛው፣ እያንዳንዳችን በሚመጣው ዕረፍት ወደ ቤታችን ስንሄድ የቤተሰባችንን ወረቀት አንብበን፣ በማን ስም እንደ ሆነ፣ የእናታችን ስም አለበት ወይስ የለበትም ብለን አይተን እንድንመለስ ነው። በመስከረም ተሰብስበን ያየነውን ብናስተያይ ከብዙ መጽሐፍ የበለጠ እንማር ይሆናል።

የሙጃዋ እናት ስንሰናበታቸው ለስንቅ የገብስ ቆሎ ቋጠሩልንና፣ «እንግዲህ የማን እንደ ሆነ ባይለይም፣ ማንን መጠየቅ እንዳለብኝ ለይቻለሁ» አሉን። እኛም የለየነው ይህንኑ ነው።